ለጊዜው ያነሳኋት ምልክት

ተወልጄ ያደግሁት ቢቸና ነው፤ ሥራ የጀመርኩት ግን ሞጣ ነው። የተቀጠርኩበት የማሠልጠኛ ተቋም ዋናው ግቢ ቢቸና፣ ቅርንጫፉ ሞጣ ስለነበር «መጀመሪያ ሁለት ወር ሞጣ ሄደሽ ከሰውየው ተማሪ» ተባልኩ። ሰውየው የተባሉት የተቋሙን ኮምፒውተሮች ከመጀመሪያው ካርቶን ጀምሮ ይዘው የኖሩት ሰው ናቸው። ጋሼ እላቸው ነበር፤ እዚህም በዚሁ እጠራቸዋለሁ።

ጋሼ ያኔ ሃምሳዎቹን አጋምሰዋል። ቀጭን፣ ረጅም፣ ኮታቸው ላይ ነጠላ ደርበው ቢሮ የሚገቡ ሰው ነበሩ። አባታቸው ቄስ ስለነበሩ በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ገብተው፣ ከአንዱ መምህር ወደ ሌላው እየዞሩ ቆይተዋል። በኋላ የማታ ትምህርት ጀምረው በታይፒስትነት ተቀጠሩ። ከታይፕራይተር ወደ ኮምፒውተር ሲዞሩ ያስተማራቸው ሰው አልነበረም፤ ራሳቸው እየነቀሉ፣ ራሳቸው እየገጠሙ ነው የተማሩት። እኔ ዲግሪዬን ይዤ ሄጄ በሳምንቱ ምንም እንደማላውቅ ገባኝ።

ያረፍኩት እሳቸው ግቢ ውስጥ በነበረች አንዲት ክፍል ነው። ባለቤታቸው፣ እትዬ የምላቸው፣ ልጅ አልወለዱም። ምሳዬን ሰዓት አሳልፌ ስመጣ «ኮምፒውተሩ አብልቶሽ ነው?» እያሉ ይቆጡኛል፤ ከዚያ የተከደነውን ሳህን ያወጡልኛል። በሁለት ወር ውስጥ የቤት ልጅ ሆንኩ።

የሆነውን ለመናገር ሥራችንን ትንሽ ማስረዳት አለብኝ። በተቋሙ ውስጥ ሁሉን የሚያዙ ጥቂት የይለፍ ቃሎች አሉ፤ የሠልጣኞች ውጤት ያለበትን፣ የሠራተኛ ፋይል ያለበትን ሰርቨር እንዳሻቸው የሚከፍቱ። እነሱን በየሰው ኪስ ከመተው ብለን በአንድ ሲስተም ውስጥ ቆልፈናቸዋል። «ካዝናው» እንለዋለን። ካዝናው ያለው ቢቸና ነው። ጋሼም ሆኑ እኔ አንዱን ቁልፍ ስንፈልግ ስማችንንና የግል የይለፍ ቃላችንን ለካዝናው እንሰጣለን። ካዝናው ግን በራሱ ሰው አያውቅም። የሠራተኛው ሁሉ ስም ያለው ሞጣ በተቀመጠ ሌላ ሰርቨር ላይ ነው፤ እሱን «መዝገቡ» እንለዋለን። እናም ካዝናው የሰጠነውን ቃል ይዞ በመስመሩ ሞጣ ይወርድና መዝገቡን «ይኼ ሰው እውነት እሱ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። መዝገቡ «ነው» ካለ ይከፍታል።

ጋሼን የሚያሳስባቸው መንገዱ ነበር። «ካዝናው ቃላችንን ለማን ነው የሚሰጠው?» ይሉኛል። «መዝገቡ እኔ ነኝ ላለው ሁሉ ነው? አንዱ መሀል ቆሞ እኔ ነኝ ቢለውስ?» ለዚህ ነው መዝገቡ ሰርተፊኬት የሚይዘው። ሰርተፊኬት እንደ መታወቂያ ማለት ነው፤ ስም አለው፣ የፈረመለት አለ፣ የሚያበቃበት ቀን አለው፣ የራሱ የሆነ አሻራም አለው፤ አሻራው ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር ነው። ካዝናው ላይ ደግሞ «ሰርተፊኬቱን አረጋግጥ» የምትል ትንሽ ሳጥን አለች። ሳጥኗ ውስጥ የራይት ምልክት እስካለች ድረስ ካዝናው መታወቂያውን ሳያይ ቃላችንን ለማንም አይሰጥም።

ሰኞ ሰኞ ጠዋት ይህንን እናረጋግጣለን። እኔ አሻራውን ከኮምፒውተሩ ላይ ፊደል በፊደል አነባለሁ፤ ጋሼ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው በእጃቸው ከጻፉት ደብተር ጋር ያመሳክራሉ፤ ዳዊት እንደሚያስደግም መምህር ስስት «ተመለሽ» ይሉኛል። አንድ ሰኞ ፊቴ ላይ መሰልቸቱን አይተው ነው መሰል ቆም አሉ።

«ልጄ፣ በር ሲንኳኳ ማነህ ማለት ስድብ አይደለም። የመጣው ባለቤቱ ከሆነ፣ ሳትጠይቂ ብትከፍችለት ነው የሚቀየምሽ።»

ቢቸና ከተመለስኩ በኋላም ሰኞን አልተውነውም። በስልክ አነብላቸዋለሁ፣ እሳቸው ያመሳክራሉ፣ ከዚያ ስልኩን ለእትዬ ይሰጡልኛል። ሦስት ዓመት እንዲህ ኖርን።

ከዚያ ጋሼ ኩላሊታቸውን ታመሙ። ክረምት ነበር፤ ለሕክምና ባሕር ዳር ሊሄዱ ሲነሱ ደወሉልኝ።

«ሳልመለስ ሰርተፊኬቱ ጊዜው ያልፋል። እንዴት እንደሚታደስ አንድ በአንድ ጽፌ ልኬልሻለሁ። አንድ ሙሉ ቀን ይፈጃል፤ ረጋ ብለሽ ሥሪው። በችኮላ አይሆንም።»

«ችግር የለም፣ ጋሼ። እርስዎ ብቻ ይዳኑልኝ።»

ሰርተፊኬቱ ያበቃው ውጤት በሚገለጥበት ሳምንት፣ ሐሙስ ቀን ነው። ጠዋት ካዝናው ማንንም አላስገባ አለ። የጻፉልኝን አውጥቼ ማደስ ጀመርኩ፤ ግን ወደ ሞጣ የሚሄደው መስመር እየመጣ ይሄዳል፤ ግማሽ ላይ ስደርስ ይቋረጣል፣ እንደገና ከሀ እጀምራለሁ። ስድስት ሰዓት ላይ ኃላፊያችን ገባ። እኩያዬ ነው፣ አንተ አንቺ እንባባላለን።

«ምን ሆኗል?»

«ሰርተፊኬቱ ጊዜው አልፏል። እያደስኩ ነው።»

«መቼ ያልቃል?»

«መስመሩ ከቆመልኝ ነገ።»

«ነገ? ውጭ ያለውን ሰልፍ አይተሻል? ከየጥኖራና ከሉማሜ ድረስ የመጣ ወላጅ ቢሮዬ ተቀምጧል። ሌላ መንገድ የለውም?»

«አለው፤ ማረጋገጡን ማጥፋት ይቻላል። ግን…»

«ለጊዜው ነዋ! ሰኞ ትመልሽዋለሽ።»

ምልክቷን አነሳኋት። ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ተከፈተ። ኃላፊው ትከሻዬን መታ አድርጎ «ጎበዝ» አለኝ፤ ደስ አለኝ። ያን ደስታ አልረሳውም።

ሰኞ አልመለስኳትም። በዚያ ሰኞ መስመሩ ጭራሽ ጠፍቶ ዋለ። በሚቀጥለው ሌላ ሥራ መጣ። ጋሼ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሞጣ ተመልሰው ሲደውሉ ድምፃቸው ሳስቶ ነበር።

«ሰርተፊኬቱስ? አደስሽው?»

አልተዘጋጀሁም ነበር። አስቤበት የዋሸሁ ቢሆን ምናልባት ይቀለኝ ነበር። እንዲሁ ከአፌ ወጣ።

«አዎ፣ ጋሼ። ታድሷል።»

«እሰይ! አሻራውን ላኪልኝ፣ ደብተሬ ላይ ልጻፈው።»

«እልክልዎታለሁ።»

አልላክሁም። አንድ ጊዜ ብቻ ደግመው ጠየቁኝ፤ «መስመር እስኪስተካከል ነው» አልኳቸው። ደህና ቢሆኑ ኖሮ ራሳቸው ከፍተው ያዩት ነበር። ግን ግማሽ ቀን ብቻ ነበር የሚሠሩት፤ ዓይናቸውም ደክሟል። «እንግዲህ አንቺ ካየሽው እኔ ምን አያለሁ» አሉ፤ የሰኞው ንባባችንም በዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ ማደሱ ሁለት እጥፍ ከበደኝ። ለማደስ መዝገቡን አጥፍቶ ማስነሳት ግድ ነው፤ ባጠፋው ጋሼ ያያሉ፤ ካዩ አዎ ያልኩት ውሸት መሆኑ ይታወቃል። እናም ሳምንት በሳምንት ላይ እየተደረበ ሄደ።

ክረምቱ ወጥቶ ጥቂት እንደሰነበተ አንዲት የሞጣ መምህርት የወረቀት የውጤት መዝገቧን ይዛ ቢቸና ድረስ መጣች። እሷ የጣለቻቸው ሠልጣኞች ሲስተሙ ላይ አልፈው ይታያሉ። ፋይሉ ሲመረመር ውጤቱ የተቀየረው አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ነው፤ በካዝናው በኩል የገባው አካውንት የጋሼ ነው። ያን ቅዳሜ ደግሞ ጋሼ በሕመም የጎደለውን ለማካካስ ቢሮ ገብተው ነበር። ዘበኛው ሲገቡ አይቷቸዋል።

ኮሚቴ ተቋቋመ። ኃላፊው፣ ሁለት መምህራን፣ እኔ ደግሞ በባለሙያነት። ጋሼ ከሞጣ በሚኒባስ ተጉዘው፣ መንገድ አድክሟቸው፣ ከንፈራቸው ደርቆ መጡ። ነጠላቸውን አጣፍተው ከፊታችን ቆሙ። «ይቀመጡ» ብንላቸውም ቶሎ አልተቀመጡም።

«ይኼ ስም የእርስዎ ነው?» አለ ኃላፊው ወረቀቱን እያሳየ።

«የእኔ ነው።»

«የይለፍ ቃልዎን ለሌላ ሰው ሰጥተው ያውቃሉ?»

«ለሚስቴም ሰጥቼ አላውቅ።»

«እንግዲያስ የገቡት እርስዎ ነዎታ።»

«ስሙ የእኔ ነው። የገባሁት ግን እኔ አይደለሁም።»

አንዱ መምህር «ቅኔ ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀ። ጋሼ አልሳቁም፤ አልተቆጡምም። ኃላፊው ወደ እኔ ዞረ።

«በካዝናው በኩል ሌላ ሰው የእሳቸውን ቃል ሊያገኝ የሚችልበት መንገድ አለ?»

ጋሼም ወደ እኔ ዞሩ። ፊታቸው ላይ ስጋት አልነበረም። ምስክሩ የተጠራለት ሰው ፊት ነበር። ኃላፊውን አየሁት፤ እሱ ወረቀቱን ያያል፤ ያዘዘኝን ያስታውስ አያስታውስ አላወቅሁም።

«ካዝናው ደህና ነው» አልኩ።

ጋሼ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

ከሥራ ታገዱ። የእግዱ ደብዳቤ ሞጣ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። ከተማው ትንሽ ነው፤ በሁለት ቀን «ውጤት ሸጦ ነው» ተባለ። ጋሼ የጽዋ ማኅበራቸው ጸሐፊ ነበሩ። በመጪው ማኅበር ቀን ደብተሩን በነጠላ ጠቅልለው ወስደው፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ «ስሜ ከሐሜት እስኪጠራ ሌላ ሰው ይያዘው» ብለው አስረከቡ። ይህን የነገሩኝ እትዬ ናቸው፤ በማግስቱ ጠዋት በስልክ፣ እያለቀሱ። «አንድም ሰው ይቆይ አላላቸውም» አሉኝ። «አንድም ሰው። ዝም ብለው ተቀበሏቸው።»

በዚያው ጠዋት ቢሮዬን ዘግቼ ከመጀመሪያው ማየት የነበረብኝን አየሁ። ካዝናው የመዝገቡ እየመሰለው ሲቀበለው የነበረውን ሰርተፊኬት ከፈትኩ። ስሙ የመዝገቡ ስም ነው። የፈረመለት ግን ማንም የለም፤ ራሱ ለራሱ የፈረመ ነው። ጋሼ ከመታመማቸው በፊት ካነበብኩላቸው የመጨረሻ አሻራ ጋር አመሳከርኩት። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊደሎች እንኳ አይገጥሙም። የማውቀው መዝገብ ከሰኔ ወዲህ ሞጣ ጊዜው ያለፈበት መታወቂያውን ይዞ ተቀምጧል፤ ከዚያ ቅዳሜ ትንሽ ቀደም ብሎ ጀምሮ ደግሞ ሌላ ነገር መሀል ገብቶ «እኔ ነኝ» እያለ ቃላችንን ይቀበላል፤ ተቀብሎም ለእውነተኛው ያሳልፋል፤ ስለዚህ ለማንም ምንም አልታየውም። የጋሼ ቃል በዚያ በኩል አለፈ፤ የሰረቀውም ሰው በእሱ ገባ። ምልክቷ በቦታዋ ብትሆን ኖሮ አያልፍም ነበር።

አወቅሁ። አውቄም ዐሥራ አንድ ቀን ዝም አልኩ። ፈራሁ። ከሥራ መባረሩን ፈራሁ፤ ከዚያ በላይ ግን «አዎ ብለሽኝ ነበር» የሚለውን የጋሼን ድምፅ ፈራሁ። በዚያ ሰሞን የሞጣ መንገድ በጸጥታው ምክንያት ተዘግቶ ነበርና ለራሴ «ፊት ለፊት ካልነገርኳቸው አይሆንም፣ መንገድ እስኪከፈት ነው» አልኩት። ስልክ ይሠራ ነበር።

መንገዱ ሲከፈት በመጀመሪያው መኪና ሄድኩ። ግንደወይን ላይ መኪናው ሰው ለማውረድ ሲቆም ወርጄ ልመለስ ነበር፤ እግሬ ደጃፉ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ሞጣ ስገባ ወደ አራት ሰዓት ነበር። ጋሼ ግቢያቸው ውስጥ ፀሐይ ላይ ወንበር አውጥተው ተቀምጠዋል። ከስተው ኮታቸው ሰፍቷቸዋል። ሲያዩኝ ለመነሳት ሞከሩ።

«አይነሡ፣ ጋሼ። ይቀመጡ።»

«መንገዱ ደህና ነበር? ምነው ሳትነግሪን? እትዬሽ ገበያ ናቸው።»

እግራቸው ሥር መሬት ላይ ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳቸው። ሐሙሱን፣ ምልክቷን፣ አዎ ማለቴን፣ ኮሚቴው ፊት ያልኩትን፣ ዐሥራ አንዱን ቀን። ሳላቋርጥ ነው የተናገርኩት፤ ካቋረጥኩ እንደማልቀጥል አውቅ ነበር።

ጋሼ መጀመሪያ የጠየቁኝ የሥራ ጥያቄ ነበር።

«አሻራውን አይተሽዋል?»

«አይቻለሁ። የእኛ አይደለም።»

«ለራሱ የፈረመ ነው?»

«ለራሱ የፈረመ ነው።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ታዲያ መሀል የገባው ዕቃ እዚሁ ሞጣ ቢሮ ውስጥ ነው ያለው። ከሩቅ ሆኖ ይኼን ማድረግ አይቻልም።» ወደ እኔ ሳያዩ፣ «ምልክቷን ማንሳትሽ ስህተት ነው፤ እኔም ብሆን የተሰለፈ ሰው ሳይ እሳሳት ይሆናል። ግን በስልክ ስጠይቅሽ…» አሉና ተዉት።

«አዎ ብዬዎት ነበር።»

«አዎ ብለሽኝ ነበር።»

ይቅር ይበሉኝ ለማለት አፌን ስከፍት እጃቸውን አነሱ። «አሁን አይደለም። ተነሺ እንሂድ።»

ነጠላቸውን ለብሰው፣ ትከሻዬን ተደግፈው፣ በግማሽ ሰዓት የሚደረሰውን መንገድ በአንድ ሰዓት ሄድን። የቢሮው በር ላይ ዘበኛው ቆመ። ሃያ ዓመት ሙሉ እንደምን አደሩ ያላቸው ሰው ነው።

«ጋሼ… እርስዎን እንዳላስገባ ታዝዣለሁ» አለ መሬት መሬት እያየ።

«ትክክል ነህ፣ ልጄ። እሷ ትግባ።»

ስልካቸውን አውጥተው ደወሉልኝና እሳቸው ከግንቡ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ እኔ ውስጥ ገብቼ፣ እንዲያ ፈለግነው። ቢሮውን በቃላቸው ያውቁታል። «የገመዱ ሣጥን ከሬጅስትራሩ ግድግዳ ጋር ነው። ክፈቺው። ከላይ ስትቆጥሪ ሦስተኛው ሰማያዊ ገመድ ወደ መዝገቡ ነው የሚሄደው። እሱን በእጅሽ ተከተይው፤ በዓይንሽ አትመኚ።» ተከተልኩት። ከሣጥኑ ጀርባ፣ አቧራ በተጠራቀመበት፣ ገመዱ የሲጋራ ፓኮ በምታክል ጥቁር ዕቃ ውስጥ ገብቶ በሌላ በኩል ይወጣል። አጠገቡ ያለው አቧራ ተነክቷል።

«አለ፣ ጋሼ።»

«ሳትነቅይ ፎቶ አንሺው። ዘበኛውን ጠርተሽ አሳዪው፣ ምስክር ይሁን። ከዚያ ንቀይው።»

ይዤላቸው ወጣሁ። መዳፋቸው ላይ አስቀምጠው አገላብጠው አዩት። «ይቺ ናት?» አሉ። «ይቺን ታክላለች?» ድምፃቸው ሲሰበር የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ቀኑን ሙሉ እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው በስልክ እየነገሩኝ ሰርተፊኬቱን አደስን። የሚፈጀው እውነትም አንድ ቀን ነው። ማምሻውን በመስመሩ ካዝናው ውስጥ ገብቼ ምልክቷን መለስኩ፤ አዲሱን አሻራ አነበብኩላቸው፤ ጻፉት። ቤት ስንመለስ እትዬ ቆመው ሲጠብቁን አገኘናቸው። ጋሼ ምንም አልነገሯቸውም። «ለልጅቷ እህል አቅርቢላት፣ ሳትበላ ነው የዋለችው» ብቻ አሉ። እትዬ «ምነው ፊትሽ?» እያሉ ሊያጎርሱኝ ሲሞክሩ ፊቴን አዞርኩ።

ቢቸና ተመልሼ ለኃላፊው በጽሑፍ አቀረብኩ። አንብቦ ሲጨርስ በሩን ዘጋ።

«ያዘዝኩሽ እኔ መሆኔን ጽፈሻል።»

«የሆነውን ነው የጻፍኩት። ያነሳሁት ግን እኔ ነኝ፤ የዋሸሁትም እኔ ነኝ።»

ወረቀቱን ፈርሞ ወደ በላይ አሳለፈው። ለዚህ አመሰግነዋለሁ፤ ሊቀደው ይችል ነበር። ዕቃውን ያስገባው ሰው ሞጣ ገመድ ለመዘርጋት በኮንትራት መጥቶ የሄደ ቴክኒሻን ሳይሆን አይቀርም ተባለ፤ ሲፈለግ ግን ከአካባቢው ጠፍቷል። ውጤቶቹ በወረቀቱ መሠረት ተስተካከሉ። እኔ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። ጋሼን ከጥርጣሬ ነፃ የሚያደርገው ደብዳቤ ለመውጣት ከሁለት ወር በላይ ፈጀ፤ ኮሚቴው ሳይሟላ፣ ስልክ ሲቋረጥ፣ መንገድ ሲዘጋ። ሲደርስም በዚያው ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። የመጀመሪያውን ከተማው ሁሉ አንብቦት ነበር። ይኼንን ቆሞ ያነበበው ስንት ሰው እንደሆነ አላውቅም። «በባለሙያ የአሠራር ክፍተት» ይላል። ስም የለበትም።

ጋሼ ወደ ሥራ አልተመለሱም። ኩላሊታቸው ብሶ ነበር። ሰኞ ሰኞ እደውልላቸዋለሁ፣ አሻራውን አነባለሁ፣ ያመሳክራሉ። ከዚያ ግን ስልኩን ለእትዬ አይሰጡልኝም፤ «በይ ደህና ሁኚ» ብለው ይዘጉታል። ይቅር ይበሉኝ ለማለት የምጠብቀው ቀን ሳይመጣ፣ በዐቢይ ጾም መሀል አረፉ። መንገዱ ያን ሳምንት ዝግ ነበር። ቀብራቸው ላይ አልተገኘሁም።

ከመዝገቡ ላይ ስማቸውን የማጥፋት ሥራ የእኔ ነበር። ሰው ሲሞት አካውንቱ በዚያው ቀን መዘጋት አለበት፤ ራሳቸው ያስተማሩኝ ነው። ኮምፒውተሩ «እርግጠኛ ነሽ?» ብሎ ጠየቀኝ። ሁለት ጊዜ ከፍቼ ሁለት ጊዜ ዘግቼው፣ በሦስተኛው አዎን አልኩ።

አርባቸው ሲደርስ መንገድ ተከፍቶ ስለነበር ሄድኩ። ድንኳኑ ውስጥ ካህናቱ፣ ማኅበርተኞቹ፣ ጎረቤቱ ተቀምጧል። እትዬ ጥቁር በጥቁር ሆነው ከጓዳ ወጡና እጄን ይዘው ወደ ውስጥ አስገቡኝ። ደብዳቤው በላስቲክ ተጠቅልሎ እጃቸው ላይ ነው።

«ባለሙያ የሚለው ማንን ነው?» አሉኝ።

«እኔን ነው፣ እትዬ።»

«እሳቸው አንድ ቀን አልነገሩኝም» አሉ። «ስጠይቃቸው ወረቀት ነው፣ ተይው ይሉኛል። እኔ ግን ስልክ ስትደውይ ፊታቸውን አያለሁ።» ከዚያ ደብዳቤውን እጄ ላይ አደረጉት። «ውጪና አንብቢላቸው። ወረቀቱን ብቻ አይደለም። አንቺ የምታውቂውን ንገሪያቸው። ሰዉ ሳይበተን።»

ወጣሁ። ጸሎቱ አልቆ ሰው ሊነሣ ሲል ቆሜ ይቅርታ ጠየቅሁና አነበብኩት። ከዚያ ወረቀቱን አጥፌ በአፌ ተናገርኩ። ስለ ካዝናና ስለ ሰርተፊኬት አላልኩም። «እኔ መዝጋት የነበረብኝን በር ከፍቼ ተውኩት። ጋሼ ሲጠይቁኝ ዘግቻለሁ ብዬ ዋሸኋቸው። ሌባ በዚያ ገብቶ በስማቸው ሠራ። እሳቸው አንዳች አላጠፉም። እያወቅሁ ዝም አልኩ» አልኩ። ከፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ቄስ መቋሚያቸውን ጨበጥ አድርገው ቀና አሉ።

«ልጄ፣ ይኼን በቁማቸው ሳሉ ብትነግሪን ምን ነበረበት?»

ከኋላዬ የእትዬ ድምፅ መጣ።

«እናንተስ፣ አባ? ደብተሩን ሲያስረክቡ አንድ ሰው ይቆዩ ቢላቸው ምን ነበረበት?»

ሰዉ አንድ በአንድ እየተነሣ እትዬን «እግዜር ያጥናዎ» እያለ ወጣ። አንዳንዱ የእኔንም እጅ ጨበጠ፤ አንዳንዱ አለፈኝ።

ማታ እዚያው አደርኩ። ጠዋት እትዬ እስከ መናኸሪያው ሸኙኝ። መኪናው ሊነሣ ሲል መስኮቱ ሥር ቆመው፣

«አልተቀየምኩሽም ብልሽ ዋሸሁ» አሉኝ። «ግን ልጅ የለኝም። መንገድ ሲከፈት እየመጣሽ ጠይቂኝ።»

እሄዳለሁ። በወር አንዴ፣ አንዳንዴ በሁለት ወር። ስለ ገበያው፣ ስለ ጉልበታቸው ሕመም፣ ስለ ጎረቤት እናወራለን። ስለ ጋሼ የሚያነሱት እሳቸው ናቸው፤ ደስ ሲላቸው። እኔ አዳምጣለሁ።